የዩኤስቢና የሲሪያል አስተርጓሚ ሰሌዳ፤ ጥቅሙና አያያዙ

1ኛ፤ አስተርጓሚ ስለ ማስፈለጉ

ማይክሮኮንትሮለር ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ትንሽ ቢሆንም የተሰጠውን ትእዛዝ በውስጡ ጠብቆ ሳይሰለች ይፈጽማል፤ የውሃ መሳቢያን ሞተር ያስነሣል፥ የጎተራን እርጥበት ይለካል፥ መብራትን በሰዓቱ ያበራል፥ ያጠፋልም። ነገር ግን ጽሑፍ የሚነበብበት ስክሪን፥ ፊደል የሚመታበትም ገበታ የለውም። ስለዚህ ትእዛዙን የሚቀበለው ከኮምፒዩተር ነው፤ ሥራው በተሰናከለ ጊዜም ምክንያቱን የሚናገረው ለኮምፒዩተር ነው።

ዳሩ ግን የሁለቱ ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው። የዛሬ ኮምፒዩተር ከውጭ ዕቃ ጋራ የሚነጋገረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 በወጣው በዩኤስቢ ሥርዓት ነው። ብዙዎች ማይክሮኮንትሮለሮች ግን የሚያውቁት ከዚያ የቀደመውን፥ ሲሪያል የተባለውን ነው። ሲሪያል ማለት የመልእክቱ ምልክት ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ አንዱ ካንዱ በኋላ ተሰልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ዘዴው የቴሌግራፍ ዘመድ ነውና የፍጥነቱ መለኪያ ቦድ ተብሎ በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ በኤሚል ቦዶ ስም ተጠርቷል።

ቋንቋቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ያለ አስተርጓሚ እንዳይግባቡ፥ እነዚህም ያለ አስተርጓሚ ሰሌዳ አይግባቡም። በሰሌዳው ላይ ከሚገኙት ዋና ክፍሎች የታወቁት የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ ኩባንያ ኤፍቲ232አር፥ የአሜሪካው ሲሊከን ላብስ ሲፒ2102፥ የቻይናውም ሲኤች340 ናቸው።

2ኛ፤ ስለ ሦስቱ ሽቦዎች

ለንግግር የሚያስፈልጉት ሽቦዎች ሦስት ናቸው። ቲኤክስ የተባለው ፒን አፍ ነው፤ አርኤክስ የተባለውም ጆሮ ነው። የአንዱ አፍ ለሌላው ጆሮ ይናገራል እንጂ አፍ ለአፍ አይናገርም፤ ስለዚህ የሰሌዳው ቲኤክስ ከማይክሮኮንትሮለሩ አርኤክስ ጋራ፥ የሰሌዳው አርኤክስም ከማይክሮኮንትሮለሩ ቲኤክስ ጋራ ተለዋውጦ ይታሰራል።

ሦስተኛው ጂኤንዲ ነው፤ ይኸውም የሁለቱ የጋራ መሠረት ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ከኮረብታ፥ ሁለተኛው ከሸለቆ ቆመው የአንድ ግንብ ከፍታ ቢለኩ ልካቸው አይስማማም። ቮልትም የሚለካው ከመሠረቱ ተነሥቶ ስለ ሆነ፥ ጂኤንዲ ካልተያያዘ የተነገረው ሁሉ ትርጕም ያጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰረው ይህ ሽቦ ነው።

3ኛ፤ ስለ ቮልት ጥንቃቄ

የሻንጋዩ ኩባንያ ኤስፕሬሲፍ የሠራው ኢኤስፒ8266 የሚባለው ማይክሮኮንትሮለር የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፤ ከ3.6 ቮልት በላይ ሊሰጠው አይገባም። በብዙ አስተርጓሚ ሰሌዳዎች ላይ ግን 5 ቮልትንና 3.3 ቮልትን የሚያማርጥ ትንሽ መቀየሪያ አለ። ይህ ሳይታይ በ5 ቮልት የታሰረ እንደ ሆነ ማይክሮኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል፤ የተቃጠለውም አይጠገንም። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ቢሆን የአንድ ተማሪ ችኮላ የጓደኞቹን ሁሉ ትምህርት ያስቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ተብሏል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

በአንዳንዱ ሰሌዳ መቀየሪያው የኀይሉን ፒን ብቻ ይለውጥና ቲኤክስን በ5 ቮልት ይተወዋል። ስለዚህ ተማሪ ማይክሮኮንትሮለሩን ሳያስር በፊት ከጂኤንዲ እስከ ቲኤክስ ያለውን በቮልት መለኪያ ይለካ። ንግግር በሌለ ጊዜ የቲኤክስ ቮልት ከፍ ብሎ ይኖራልና መለኪያው እውነቱን ያሳያል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ኀይል ብዛት ነው። ኤፍቲ232አር ከራሱ የሚሰጠው የ3.3 ቮልት ኀይል እስከ 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ ኢኤስፒ8266 ግን በሬዲዮ ሲናገር ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ይፈልጋል። ኀይል ሲያንሰው እየወደቀ እንደ ገና ይነሣል። ስለዚህ ኀይሉን ከሌላ በቂ የ3.3 ቮልት ምንጭ መስጠትና ጂኤንዲውን ከሰሌዳው ጂኤንዲ ጋራ ማገናኘት ይገባል።

4ኛ፤ ትእዛዝን ስለ መጫንና ስለ ፍጥነት

ኢኤስፒ8266 አዲስ ትእዛዝ የሚቀበለው ጂፒአይኦ0 የተባለው ፒን ከጂኤንዲ ጋራ ተያይዞ ሳለ የተነሣ እንደ ሆነ ነው። ትእዛዙ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ይህ ፒን ተለቆ መሣሪያው እንደ ገና ሲነሣ ሥራውን ይጀምራል።

ተናጋሪውና ሰሚው በአንድ ፍጥነት መስማማት አለባቸው። በተለመደው አሠራር አንድ ፊደል ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ምልክት ጋራ 10 ምልክት ይሆናል፤ ስለዚህ በ115200 ቦድ በአንድ ሴኮንድ 11520 ፊደል ያልፋል። ፍጥነታቸው ካልተስማማ በስክሪኑ ላይ ትርጕም የሌለው ምልክት ይታያል። ኢኤስፒ8266 ሲነሣ የመጀመሪያ ቃሉን አብዛኛውን ጊዜ በ74880 ቦድ ስለሚናገር፥ በ115200 ለሚሰማው ያ ቃል የተበላሸ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ብልሽት አይደለም።

5ኛ፤ ጥፋትን ስለ መመርመር

ምንም ጽሑፍ ባይታይ ማይክሮኮንትሮለሩ ሞቷል ብሎ መፍረድ አይገባም። መልካም ዳኛ የተከሳሹን ቃል ሳይሰማ አይፈርድምና። ሽቦው ብቻ የተሳሳተበት ደኅና መሣሪያ ተበላሸ ተብሎ ቢጣል፥ ገንዘብም ትምህርትም አብሮ ይጠፋል።

ምርመራውም በተራ ነው። አስቀድሞ ማይክሮኮንትሮለሩ ይፈታና የሰሌዳው ቲኤክስ ከራሱ አርኤክስ ጋራ በአንድ ሽቦ ይያያዝ። በኮምፒዩተሩ ላይ የተመታው ፊደል ተመልሶ ቢታይ፥ ሽቦውም ሲነቀል ቢቀር፥ ኮምፒዩተሩም ገመዱም ሰሌዳውም ደኅና ናቸው። ፊደሉ ካልተመለሰ ግን ጥፋቱ ከማይክሮኮንትሮለሩ አይደለም፤ ወይ ገመዱ ኀይል ብቻ የሚያሳልፍ ነው፥ ወይ ለሰሌዳው የሚሆነው ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ላይ አልተጫነም፥ ወይም ሰሌዳው ራሱ ተበላሽቷል።

ከዚህ በኋላ ማይክሮኮንትሮለሩ ይታሰር። ዝምታ ቢሆን ኀይሉና ሦስቱ ሽቦዎች ይታዩ፤ የተበላሸ ምልክት ቢሆን ፍጥነቱ ይታይ፤ የመነሻው ቃል ብቻ እየተመላለሰ ቢነገር የኀይሉ ማነስ ይመርመር። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሥራው ቢሰናከል፥ በትእዛዙ መካከል በየስፍራው «እርጥበት ለካሁ»፥ «ሞተር አስነሣሁ» የሚሉ ቃላት ይጨመሩ። የመጨረሻው የተሰማ ቃል ስሕተቱን ከወዴት መፈለግ እንደሚገባ ያመለክታል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ የሚለውጥ ተማሪ ምክንያቱን ያገኛል፤ ሁሉን ባንድነት የሚለውጥ ግን መሣሪያው ቢሠራለት እንኳ ለምን እንደ ሠራ አያውቅም።

ጥያቄ

1. ቲኤክስ ከቲኤክስ ጋራ የማይታሰረው ስለ ምንድር ነው?
2. ማይክሮኮንትሮለሩ ሳይታሰር በፊት ቲኤክስን በቮልት መለኪያ መለካት ምን ይጠቅማል?
3. በ9600 ቦድ በአንድ ሴኮንድ ስንት ፊደል ያልፋል?
4. ሰሌዳው ደኅና መሆኑ በአንድ ሽቦ የሚታወቀው እንዴት ነው?