የሙያ ትምህርት፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ማርሽ ሲያስቸግር፣ ዘይቱስ ሲቀየር



ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወንድማችን በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ ይኖራል እንበል። ኑሮው በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ዕቃ በማመላለስ ነው። አንድ ቀን ነዳጅ ሲሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትጎትትም። «ካምቢዮው ተበልቷል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት» ተባለና የአንድ ወር ገቢውን የሚያክል ዋጋ ተጠየቀ። ሊበደር ሲነሣ ሌላ ሰው መጥቶ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጫን ለቀቅ አድርጎ አየ። ካቦው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ነበር። አንድ ዳዶ ላላ፣ ካቦው ተስተካከለ፣ ሞተሯም ሄደች። ጥቂት ቀናት እንዲሁ ብትነዳ ኖሮ ግን የፍሪሲዮኑ ሸራዎች በእርግጥ ይቃጠሉ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር፦ ምንጊዜም ምርመራ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

1. ኃይሉ ወደ ጎማው የሚደርሰው እንዴት ነው?

የሞተሩ ኃይል በመጀመሪያ ወደ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ ይተላለፋል። በብዙ ባለ 4 ምት ሞተር ሳይክሎች፣ ለምሳሌ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተሠራው ሆንዳ ሲ.ጂ. 125፣ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ስለዚህ ዘይቱ ሲያረጅ ወይም ሲጎድል ማርሹም ይከብዳል። እንደ አሮጌው ያማሃ ዲ.ቲ. 125 ባሉት ባለ 2 ምት ሞተሮች ግን ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት ሌላ፣ የካምቢዮው ዘይት ሌላ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ትልቅ ስሕተት ነው።

2. ምልክቱና ምክንያቱ

ሀ) ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አይፈጥንም። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። የእጀታውን ጫፍ በጣታችሁ ሳቡ። ካቦው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መሄድ አለበት። ምንም ባዶ ቦታ ከሌለው ካቦውን አላሉት። ባዶ ቦታው ትክክል ሆኖ አሁንም ከተንሸራተተ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይም የተሞላው ዘይት ለሞተር ሳይክል የማይስማማ ነው።

ለ) ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል፣ እጀታው ተይዞ እያለም ሞተር ሳይክሉ ወደፊት ይስባል። ይህ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ካቦው ላልቷልና አጥብቁት። የተበጣጠሰ ሽቦ ካለበት ለውጡት።

ሐ) የማርሹ ፔዳል ይንቀሳቀሳል፣ ማርሽ ግን አይገባም። ፔዳሉን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚላላው እሱ ነው። የፔዳሉ ጥርስ ተበልቶ ከሆነ መለወጥ ያለበት ፔዳሉ እንጂ ካምቢዮው አይደለም።

መ) ሞተር ሳይክሉ ሲነሣ ይነጥቃል፣ ካቴናው ይንገጫገጫል። ሞተሩን አጥፍታችሁ የካቴናውን መካከል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላለ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ በብዙ ቦታ ለኩ፤ አሮጌ ካቴና በአንድ በኩል ይላላል፣ በሌላው ይወጠራል። የባሕር ጨውና አቧራ ባለበት አገር ካቴና ቶሎ ስለሚዝግ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት።

ሠ) ማርሹ ከገባ በኋላ በራሱ ይወጣል። ከላይ ያሉት ሁሉ ደህና ከሆኑ ሕመሙ በካምቢዮው ውስጥ ነው። ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ይህም ለሠለጠነ ሰው የሚተው ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ሞተር ሰው ጭኖ መንዳት አደጋ አለው።

ልብ በሉ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሽ አልገባ ቢል ብልሽት ነው ማለት አይደለም። ሞተር ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋችሁ ሞክሩ፤ ጥርሶቹ ሲገናኙ ይገባል።

3. ዘይት አቀያየር

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ልክ የሆነ መፍቻ፣ አሮጌ ሳፋ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አዲስ ዘይትና ታቹ ተቆርጦ ማንቆርቆሪያ የሆነ የላስቲክ ጠርሙስ።

1ኛ) ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። እጃችሁን እንዳያቃጥል ግን ተጠንቀቁ።

2ኛ) ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ በሜዳ ላይ አቁሙ። በመጀመሪያ የላይኛውን መሙያ ክዳን ክፈቱ፣ ቀጥሎ ሳፋውን ከሥር አድርጋችሁ የማፍሰሻውን ብሎን ፍቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ከብሎኑ ጀርባ ወንፊትና ስፕሪንግ ይወጣል። አቀማመጣቸውን አስታውሱ።

3ኛ) የወረደውን ዘይት መርምሩ። እንደ ቅባት ያለ ጥቂት ግራጫ ነገር በአሮጌ ሞተር የተለመደ ነው። የብረት ስባሪ ከታየ ጥርስ ተሰብሯል። ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡራቶሩ ያፈሳል፤ ይህ ሳይጠገን አዲስ ዘይት መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው።

4ኛ) ብሎኑን ጠርጋችሁ፣ ቀለበቱን ለውጣችሁ፣ በመጀመሪያ በጣት አስገቡ። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል። መፍቻው ላይ ቧንቧ ጨምራችሁ አታጥብቁ።

5ኛ) ለሙቀታችን ኤስ.ኤ.ኢ. 20ደብልዩ-50 ይስማማል። በቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት ካለው ለፍሪሲዮንም ተስማሚ ነው። ለሲ.ጂ. 125 አንድ ሊትር የሚጠጋ ይበቃል። በመጀመሪያ 0.8 ሊትር ሙሉ፣ ከዚያ እየለካችሁ ጨምሩ።

6ኛ) ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉ፣ ጥቂት ጠብቃችሁ ለኩ። በሆንዳ መለኪያው ጠርጎ የሚገባ እንጂ የሚጠመዘዝ አይደለም። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። ትርፍ ዘይትም እንደ ጉድለት ይጎዳል።

በጅቡቲ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ካምሲን አቧራውን ሲያነሣ ዘይት ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ለአሮጌ ሞተር በየ1,500 እስከ 2,000 ኪ.ሜ. መቀየር ጥሩ ነው። የዘይቱን መጠን ግን በየሳምንቱ ተመልከቱ።

4. አሮጌው ዘይት የት ይድረስ?

አሸዋ ላይ ወይም ወደ ወንዝ መውረጃው አትድፉት። በዚህ አገር የምንጠጣው ውኃ በብዛት ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው፤ በካምፕም በከተማም። በጀሪካን አጠራቅማችሁ አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ። ልጆች እንዳይደርሱበት፣ በምግብ ዘይት ዕቃም እንዳይቀመጥ።

5. በጋራዥ የሚሰሙ ቃላት

የመካኒኩ አማርኛ ብዙውን ቃል የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው። እዚህ ግን የሚሰማው ፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ለገሃር» እያልን የምንጠራው ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ስለሆነ ጆሯችን ባዳ አይደለም።

ፍሪሲዮን — አምብራያዥ
ካምቢዮ — ቧት ደ ቪቴስ
ዜሮ ማርሽ — ፕዋን ሞር
ካቴና — ሼን
ካንዴላ — ቡዢ
ጓርኒሲዮን — ዥዋን
ዘይት መቀየር — ቪዳንዥ

ጅቡቲ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ የማደር መብት አለው። ሥራ ልትጠይቁ ስትሄዱ እነዚህን ሰባት ቃላት ማወቅ በር ይከፍታል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሞተሩ ቢጮኽና ባይጎትት በመጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?
2. የወረደው ዘይት ቡና በወተት ቢመስል ምን ትላላችሁ?
3. አንድ ሰው ባለ 2 ምት ሞተሩን አምጥቶ «ከቤንዚኑ ጋር የምቀላቅለውን ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ጨምርልኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

መልሱን በጋራ ተወያዩበት። ከመካከላችሁ ሙያውን የሚያውቅ ካለ ለማያውቀው ያሳይ። ዳዶ ማላላት የሚበቃበትን ሥራ ሞተር በመክፈት አትጀምሩ።