ቪትዝ በጎጃም ዳገትና ቁልቁለት

በመራዊ፣ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም አስፋልት ዳር ለጥቂት ደቂቃዎች የቆመ ሰው ከባጃጁ፣ ከአይሱዙውና ከሚኒባሱ መካከል አንዲት አጠር ያለች፣ ጀርባዋ የተቆረጠ የሚመስል መኪና ማየቱ አይቀርም። ስሟን ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል፤ ቪትዝ ናት። ስለ ዋጋዋ፣ ስለ መለዋወጫዋና ስለ ነዳጅ ቆጣቢነቷ ብዙ ይወራል፤ ስለ ፊዚክሷ የሚነገረው ግን እምብዛም ነው። በፋብሪካው መግለጫ ላይ የሰፈሩት የሞተር ቁጥሮች በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር የተሰጡ ናቸው። እኛ የምንነዳት ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ ደግሞ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ዳገት ላይ ለመቅደም የሚያስብን ወይም የዓባይን በረሃ የሚወርድን አሽከርካሪ ሕይወት የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ታሪክ

ቶዮታ ኩባንያ በትንንሽ መኪኖች መደብ ለረጅም ጊዜ ይሸጥ የነበረው ስታርሌት የተባለችውን መኪና ነበር። እርሷን የተካችው ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ በጃፓን ለገበያ ቀረበች። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም መሸጥ ጀመረች። ቅርጿን የነደፈው በቶዮታ የአውሮፓ የንድፍ ማዕከል ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነው። ያሪስ እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። በጃፓን የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 2005 ከተሸጠ በኋላ በሁለተኛው ትውልድ ተተካ፤ ቪትዝ የሚለው ስምም እ.ኤ.አ. በ2020 በጃፓን ለያሪስ ቦታውን ለቀቀ።

ወደ አገራችን በብዛት የገቡት ያገለገሉት ናቸው። ጃፓን በግራ መስመር የምትነዳ አገር በመሆኗ ለዚያ ገበያ የተሠራች ቪትዝ መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ መስመር ስለምትነዳ መሪው ወደ ግራ መዛወር ነበረበት። የመጀመሪያው ትውልድ የፍጥነት መለኪያ ከመሪው ፊት ሳይሆን በዳሽቦርዱ መሐል መቀመጡ ልብ ሊባል ይገባል። እንዲህ ያለው አቀማመጥ መሪው በየትኛውም ወገን ቢሆን ያገለግላል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት መከልከሉ ተገለጸ። በመሆኑም በእጃችን ያሉት ቪትዞች እያረጁም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ያገለግሉናል ተብሎ ይገመታል። ጠባያቸውን ማወቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የመግለጫው ቁጥሮች ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ርዝመቷ 3.61 ሜትር፣ ስፋቷ 1.66 ሜትር፣ ቁመቷ 1.5 ሜትር ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.37 ሜትር ሲሆን ክብደቷ ባዶዋን 850 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የ1.0፣ የ1.3 እና የ1.5 ሊትር ሞተር ያላቸው ዓይነቶች ነበሯት። እዚህ የምንመለከተው ትንሹን ነው።

ይህ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 69.0 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 66.7 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደርን ይዘት የምናገኝበትን ቀመር እናስታውስ፤ 3.14 ሲካፈል ለ4፣ ሲባዛ በስፋቱ ካሬ፣ ሲባዛ በርዝመቱ። በሴንቲ ሜትር ስናሰላው ለአንዱ 249 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል እናገኛለን፤ ለአራቱ ደግሞ 997። «አንድ ሊትር» የሚባለው ይህ ነው። ከነዳጅ ታንከሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሞተሩ በአንድ ሙሉ ዑደት ሊስበው የሚችለው የአየር መጠን ነው።

ይህ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር 70 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 51 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል። ከፍተኛው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ በ4,000 ዙር 95 ኒውተን ሜትር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉልበት ስንል በአንድ ሰከንድ የሚሠራውን የሥራ መጠን ማለታችን ነው። ጉልበት ከቶርክና ከዙር ብዜት ስለሚገኝ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ጉልበቱ ጥቂት ነው፤ በፍጥነት ሲዞር ይጨምራል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ስስ አየር

ቤንዚን የሚቃጠለው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተሩን ጉልበት የሚወስነው የሚስበው አየር ይዘት ብቻ ሳይሆን ክብደቱም ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በመራዊ ከፍታ የአየሩ ግፊት 80 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር የሚመዝነው 0.95 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህም የባሕር ጠለሉን 78 በመቶ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ባለ 70 የፈረስ ጉልበቷ ቪትዝ በእኛ አገር 55 የፈረስ ጉልበት ወይም 40 ኪሎ ዋት ገደማ ያላት መኪና ናት ማለት ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ መካኒክም የሚያድነው ነገር የለም። የቪትዝ የነዳጅ አሰጣጥ በኮምፒውተር የሚመራ በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁንም ይቀንሳል። በካርቡሬተር የሚሠሩ የቀድሞ መኪኖች ወደ ደጋ ሲወጡ ነዳጅ በዝቶባቸው ጥቁር ጭስ የሚተፉት ይህ ማስተካከያ ስለሌላቸው ነበር።

ዳገቱ

ከቡሬ ተነሥተን በጢሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ እንጓዝ። ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አምስት ሰዎችና ጓዛቸው ሲጫኑ መኪናዋ በጠቅላላው 1,250 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በ100 ሜትር ርቀት 7 ሜትር የሚያስወጣ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትወጣ ሦስት ኃይሎች ወደ ኋላ ይጎትቷታል። የመሬት ስበት 858 ኒውተን፣ የጎማው መንከባለል 160 ኒውተን ያህል፣ የአየሩ ግፊያ ደግሞ 80 ኒውተን ገደማ ይሆናሉ። ድምሩ 1,100 ኒውተን ያህል ነው። ይህን በፍጥነቷ፣ በ16.7 ሜትር በሰከንድ፣ ስናባዛው 18 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ እናገኛለን። በካምቢዮና በጎማ መካከል የሚባክነውን ስንጨምር ሞተሩ 21 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል መስጠት አለበት።

አሽከርካሪው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን በ3,000 ዙር ቢያስሄደውስ? በዚህ ዙር ቶርኩን 90 ኒውተን ሜትር ብንወስድና በ78 በመቶ ብናባዛው 70 ይሆናል፤ ጉልበቱም 22 ኪሎ ዋት ነው። የሚፈለገው 21 ተኩል፣ ያለው 22 ነው። መኪናዋ ትወጣለች፤ ለመቅደም የሚሆን ትርፍ ጉልበት ግን የላትም። ፊት ለፊት የሚያዘግም ሲኖትራክ ቢገጥማትና አሽከርካሪው በዚሁ ማርሽ ወደ ግራ ቢወጣ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ቢረግጠውም መኪናዋ ከከባዱ መኪና ጎን ትቆያለች እንጂ አትፈተለክም። ከፊት የሚመጣ ተሽከርካሪ ካለ ውጤቱን መናገር አያስፈልግም። ማርሹን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ወደ 5,000 ዙር ያወጣ አሽከርካሪ ግን ትርፍ ጉልበት ያገኛል። መንገዱ በግልጽ ካልታየው ደግሞ ትርፉም አይበቃውም፤ መታገሥ ይሻላል።

ቁልቁለቱ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድ የዚሁ ስሌት ሌላው ገጽ ነው። በዚያ ያለው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት የጀመረ ነው። እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የመኪናዋ የከፍታ ኢነርጂ 1,250 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ1,400 ሲሆን፣ 17 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ጎማውና አየሩ 4 ሚሊዮን ያህሉን ቢወስዱ 13 ሚሊዮን ጁል ይቀራል።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንወርድ ጉዞው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በየሰከንዱ መወገድ ያለበት ሙቀት 7 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህም ሁለት የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣዶችን ለግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ፍሬኑ ላይ እንደ መጣድ ይቆጠራል። የፍሬኑ ብረት በጠቅላላው 20 ኪሎ ግራም ቢሆንና ነፋስ ባያቀዘቅዘው ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። ነፋሱ ብዙውን ይወስደዋል፤ ሁሉንም ግን አይወስድም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። አሽከርካሪው ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም።

መፍትሔው በሞተሩ መያዝ ነው። ማርሹ በሁለተኛ ላይ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም ኢነርጂውን በሰበቃና አየር በመሳብ ያባክነዋል። ሙቀቱ ከፍሬኑ ይልቅ በሞተሩ በኩል ይወጣል። አውቶማቲክ ለሆኑት «2» ወይም «ኤል» የሚለው ቦታ ለዚሁ የተሠራ ነው።

ብዙዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነጻ ያደርጋሉ። ይህ ልማድ በቪትዝ ላይ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። በማርሽ ተይዛ ስትወርድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነውና። ማርሹ ነጻ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል ይኖርበታል። ስለዚህ ነጻ ያደረገው ሰው ነዳጁንም ፍሬኑንም ያባክናል።

ማጠቃለያ

ቪትዝ በሚገባ የታሰበባት መኪና ናት። ይሁን እንጂ ማንኛውም መግለጫ የተጻፈበትን አየርና የተጻፈበትን መንገድ ይዞ ይመጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች ሞተራቸው አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበታቸውን አይቀንሰውም፤ ቁልቁለት ሲወርዱም ከኢነርጂው ከፊሉን ወደ ባትሪያቸው ይመልሳሉ። እነርሱ እስኪበረክቱ ድረስ ግን የጎጃምን መንገድ የምንመላለሰው በአብዛኛው በነዳጅ ሞተር ነው። ዳገት ላይ ማርሽን አስቀድሞ መቀነስ፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ መያዝ፣ የፍሬን ዘይትን በወቅቱ መለወጥ ያስፈልጋል።

ለተማሪዎች አንድ መልመጃ እናቅርብ። የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ትንሹ ሞተር ሦስት ሲሊንደሮች ብቻ አሉት፤ ስፋታቸው 71.0፣ የፒስተኑ ርቀት 83.9 ሚሊ ሜትር ነው። ይዘቱ ስንት ነው? መልሱ 996 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከሆነላችሁ ቀመሩን ይዛችኋል። ቀጥሎ በከተማችሁ ከፍታ ምን ያህል አየር በክብደት እንደሚስብ አስሉ።