ከሪያድ የተላከው ገንዘብ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



 ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። የዛሬው ትምህርታችን በብዙ ቤት ውስጥ ስላለ፣ ግን ጮክ ተብሎ ስለማይወራ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ከዐስር ሰላት በኋላ አንዲት እህት ከእናቷ ጋር መጣች። ሰባት ዓመት ሪያድ የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ስልኳን አውጥታ የአንድ ቤት ፎቶ አሳየችኝና «ኡስታዝ፣ ይሄ ቤት የኔ ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ።

ደሞዟ በወር 1,000 ሪያል ነበር። ከዚያ ላይ 700ውን ለአምስት ዓመት ቤት እንዲሠራላት ለወንድሟ ልካለች። ሲደመር 42,000 ሪያል ነው። ቦታው የተገዛው በወንድሟ ስም ነው፤ ካርታውም በሱ ስም ወጣ። አሁን አግብቶ ይኖርበታል። ስትጠይቀው «ለቤተሰብ የላክሽው መስሎኝ ነው። ደግሞስ ሲሚንቶ ተሸክሜ፣ ከግንበኛ ጋር ተጨቃጭቄ የሠራሁት እኔ አይደለሁም?» አላት። እናትየዋ መሬት መሬቱን እያዩ «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

የአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባምና «ወንድምሽን ይዘሽው ነይ» ብዬ ሸኘኋቸው። ነገሩ ግን ከኔ ጋር ቀረ።

ምክንያቱም ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። ከአንኮበር ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ፣ አልፎም እስከ ጎረቤታችን ከሚሴ ድረስ ልጅ ዐረብ አገር ያልሄደበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። አልዩ አምባ በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። አሞሌ ጨው ከአፋር በኩል ይገባባታል፤ ወደ ታጁራ ባሕር የሚወርደውም ነጋዴ መንገዱ በሷ ነበር። የሰው ንብረት ይዞ ርቆ መሄድና አደራን መመለስ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ መንገዱ ተገላበጠ። ሰውየው ይሄዳል፣ ንብረቱ ወደ ቤት ይመጣል። አደራው ግን ያው አደራ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ። ዐረብ አገር የሚሠራ ወገናችን መኖሪያ ፈቃዱ ከከፊሉ ጋር የታሰረ ነው። አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ቀኑን የሚመርጠው እሱ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ አይተናል። ብዙዎቹ ቦሌ የወረዱት በአንድ ሻንጣ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ባንኩም ጡረታውም እዚህ ለቤተሰቡ የላከው ገንዘብ ነው። እሱ ከጠፋ ወጣትነቱ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን በሸሪዓ ሚዛን እንየው።

አንደኛ፦ የተላከው ገንዘብ ስሙ ምንድን ነው?

ጠባችን ሁሉ የሚጀምረው ገንዘቡ ስም ስለሌለው ነው። የሚላክ ገንዘብ ከአራቱ አንዱ ነው።

ስጦታ (ሂባ) ከሆነ፣ ተቀባዩ ከተረከበው በኋላ የሱ ነው። ሰጪው ሲናደድ «መልስ» ማለት አይችልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታን መልሶ መውሰድን አጥብቀው አውግዘዋል።

ብድር (ቀርድ) ከሆነ፣ ያለ ጭማሪ ይመለሳል። ተበዳሪው ነግዶ ቢከስርም ዕዳው አይወድቅለትም።

አደራ ወይም ውክልና ከሆነ፣ ገንዘቡ የላኪዋ ነው፤ የተገዛበትም ነገር የላኪዋ ነው። ተቀባዩ ሳያጠፋ ቢጠፋበት አይጠየቅም። ያለ ፈቃድ ከተጠቀመበት ግን ይተካል።

የንግድ ሽርክና (ሙዷረባ) ከሆነ ደግሞ ትርፉ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል። ያለ ጥፋት ኪሳራ ቢመጣ የሚነካው የገንዘቡን ባለቤት ነው፤ ሠራተኛው ድካሙን ይከስራል። ውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህችን ልብ በሉ። «ባጃጅ ግዛና እንካፈል» ብላችሁ ልካችሁ፣ ሲከስር «ዋናውን መልስ» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ስለ ውክልና ዑርወቱል ባሪቂይ የተባሉትን ሶሓባ እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዙላቸው አንድ ዲናር ሰጧቸው። ዑርዋ በዲናሩ ሁለት በግ ገዙ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጡና በጉንም ዲናሩንም ይዘው መጡ። ነቢያችንም በንግዳቸው በረካ እንዲያገኙ ዱዓ አደረጉላቸው። ታሪኩ በቡኻሪ ተዘግቧል። ዑርዋ «የተላክሁት ለበግ ነው፤ ዲናሩ የብልጠቴ ነው» አላሉም። በሰው ገንዘብ የተገኘ ትርፍ የባለ ገንዘቡ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ታዲያ የወንድም ድካምስ? ድካም ሐቅ አለው። ቤት ማሠራት ቀላል አይደለም። ግን የድካም ዋጋ ቀድሞ የሚነገር ክፍያ ነው፤ ቤቱን በሙሉ መውሰድ አይደለም። «እኅቴ፣ ሥራዬን ትቼ ነው የማሠራልሽ፤ በወር ይህን ያህል አስቢልኝ» ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ዝም ብሎ መውሰድ ነው።

ሁለተኛ፦ አባት በልጁ ገንዘብ ማዘዝ ይችላል?

ብዙ ቤት የሚነሳ ክርክር ነው። «የልጅ ገንዘብ የአባት ነው» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ሐዲስ አለ። አብዛኞቹ ዑለማዎች፣ የሻፊዒይ፣ የሐነፊይና የማሊኪይ መዝሀብ ሊቃውንት፣ ይህን የተረዱት አባት ሲቸገር ከልጁ የሚያስፈልገውን ያህል ይወስዳል ብለው ነው። ወላጅን መቀለብ ግዴታ ነው፤ ማሳከምም እንዲሁ። ሰፋ አድርገው የፈቀዱት ሐንበሊዮች እንኳ ገደብ አኑረዋል፦ ልጁን እንዳይጎዳ፣ ከአንዱ ልጅ ወስዶም ለሌላው እንዳይሰጥ።

ሱብሓነላህ! እኛ ሰፈር የሚሆነው ይኸው ነው። የሴት ልጅ ላብ ለወንድ ልጅ ሰርግ ይውላል፤ ለሞተር ሳይክል ይውላል። ሴት ልጅ ሠርታ ያገኘችው የራሷ መሆኑን ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 32 ነግሮናል። አባቶቻችን ሆይ፣ ለአንዱ ልጅ ስታዝኑ የሌላዋን ሐቅ አትንኩ።

ሦስተኛ፦ በሪያል ወይስ በብር?

ይህ አዲስ ጠብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ወንድማማቾች ተጋጭተዋል። ሒሳቡን እንየው። አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ስለሆነ 10,000 ሪያል 2,666 ዶላር ያህል ነው። ከለውጡ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ግድም ሳለ ይህ 152,000 ብር ነበር። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ ያው 10,000 ሪያል 320,000 ብር ሆነ። አበዳሪው «ሪያሌን መልስ» ይላል፤ ተበዳሪው «የወሰድሁት 152,000 ብር ነው» ይላል። ሁለቱም የተበደለ ይመስለዋል።

መሠረቱ ይህ ነው፦ ብድር የሚመለሰው በተበደሩት ዓይነት ነው። በጅዳ ያለው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ በአንድ ገንዘብ የተያዘ ዕዳ በዚያው ገንዘብ በልኩ እንደሚመለስ፣ ከዋጋ መውጣትና መውረድ ጋር እንደማይታሰር ወስኗል። «10,000 ሪያል አበደርሁህ» ተባብለው ከሆነ ዕዳው ሪያል ነው። በመክፈያው ቀን ሁለቱ ከተስማሙ በዚያ ቀን ምንዛሬ በብር ሊከፍል ይችላል። «152,000 ብር አበደርሁህ» ከሆነ ደግሞ ብሩ ወደቀ ተብሎ ጭማሪ አይጠየቅም። ያልተነጋገሩ ሰዎች ግን ምን እንላቸዋለን? ሽምግልና ገብቶ፣ ሁለቱም ከሐቃቸው ትንሽ ለቀው፣ በውድ መስማማት ይሻላቸዋል።

አራተኛ፦ ጻፉት!

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የቱ ነው? ስለ ሰላት አይደለም፣ ስለ ጾምም አይደለም። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍ እንዳይሰለቸን፣ ምስክር እንድናቆም ጌታችን አስተምሮናል። እኛ ግን «በወንድማማች መሃል ወረቀት ምን ይሠራል?» እንላለን። ወረቀት የሚጻፈው ወንድማማችነቱ እንዲቆይ ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሲካድ በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ መሐላ እንጂ በምስክር ብቻ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል።

ኢቃማ የሌላት እህት ደግሞ በሰው ስም ነው የምትልከው፤ ደረሰኙ ስሟን አያውቃትም። ስለዚህ በላክሽ ቁጥር በስልክሽ ጻፊ፦ «ይህ 300 ለእማዬ መድኃኒት ስጦታ ነው፤ ይህ 700 ለቤቴ አደራ ነው።» ተቀባዩም «ደርሶኛል፣ አደራ ነው» ብሎ ይመልስ። ቦታ የምታስገዙ በሪያድ ኤምባሲያችን ወይም በጅዳ ቆንስላችን በኩል ውክልና ልካችሁ በራሳችሁ ስም አስገዙ። ይህ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድምን ከሸይጣን መጠበቅ ነው።

ውጭ ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። አንዳንዴ ኑሯችንን እንደብቃለን። ሌሊት እያለቀስን ቀን በገበያ ማዕከል ተነሥተን ፎቶ እንልካለን። ቤተሰብ ገንዘቡ ከዛፍ የሚለቀም ይመስለዋል፤ ሲጠይቅም አይራራም። እውነቱን ንገሯቸው። ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ ማዳም ስንት ወር ደሞዝ እንዳቆየችባችሁ ይወቁ። እንዲሁም ትናንት በፍቅር የሰጣችሁትን ዛሬ ተጣልታችሁ «አደራ ነበር» አትበሉ። ይህም ሐቅ መብላት ነው።

እዚህ ላለን ደግሞ የዋሻውን ታሪክ ላስታውስ። በየጁምዓው የምንቀራው የሱረቱል ካህፍ ባለ ታሪኮች አይደሉም፤ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የተነገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ቋጥኝ ዘጋባቸውና እያንዳንዱ ለአላህ ብሎ በሠራው መልካም ሥራ ዱዓ አደረገ። ሦስተኛው አሠሪ ነበር። አንድ ሠራተኛ ደሞዙን ትቶ ሄደበት። ሰውየው ግን ያንን እህል ዘራው፣ አበዛው፣ ከብት እስኪሆን ድረስ አለማው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሠራተኛው መጥቶ ደሞዙን ጠየቀ። «ያ የምታየው ከብት ሁሉ ያንተ ነው» አለው። ሠራተኛው የሚቀልድበት መሰለው። ቀልድ አልነበረም፤ ሁሉንም ነድቶ ሄደ። ቋጥኙም ተገፋ።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተ ጋ ያለው ገንዘብ የማን ደሞዝ ነው? ባለቤቱ አንድ ቀን በአንድ ሻንጣ ይመጣል። ያኔ ምን ታሳየዋለህ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መካ ሊገድሏት ባሴረችባቸው ሌሊት እንኳ፣ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አደራ እንዲመልሱ ዐሊይን (ረ.ዐ) ትተው ነው የተሰደዱት። ለጠላት አደራ እንዲህ ከተጨነቁ፣ የእናታችን ልጅ አደራ እንዴት ይቀለናል?

የዚያች እህት ጉዳይ ገና አልተቋጨም። ወንድሟ ግን መጥቶ ነበር፤ ቅር እንዳለው። መጀመሪያ ቀና ብሎም አላየኝም። የዑርዋን ታሪክ ስነግረው ዝም አለ። ሲወጣ «ኡስታዝ፣ የሲሚንቶውንና የቆርቆሮውን ወጪ የጻፍሁበት ደብተር አለኝ፤ ለሷ አሳይቻት አላውቅም» አለ። «እንግዲያው ከዚያ ጀምሩ» አልሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ከሽማግሌዎች ጋር ደብተሩን ገልጠን እንቀመጣለን፤ የሷ ገንዘብና የሱ ድካም ለየብቻ ይጻፋል። ለሁለቱም፣ በተለይ ለእናታቸው፣ ዱዓ አድርጉላቸው።

ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ አንድ ነገር አድርጉ። የሰው ገንዘብ እጃችሁ ላይ ካለ ለባለቤቱ ደውሉና «አንቺ የላክሽው ይህን ያህል ደርሷል፣ በዚህ ላይ ውሏል» በሉ። ሳትጠየቁ ንገሩ።

ያ አላህ፣ በሰው አገር ያሉትን ወገኖቻችንን ጠብቅልን፤ በሰላም መልስልን። ሲመለሱም ሐቃቸውን ያገኙ ዘንድ የእኛን ልብ አስተካክልልን። ሐላሉን አብቃቃን፣ ከሐራሙ አርቀን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማውረድ እንዳትረሱ። ጁምዓ ሙባረክ!