ከሞጆ ወንዝ እስከ ቆቃ ሐይቅ፤ የክሮሚየም ኬሚስትሪና የብክለት ቁጥጥር ሕጋችን

አዳማ ከተማ የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ከቆቃ ግድብ በታች ከሚፈሰው ከአዋሽ ወንዝ ነው። የወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳም የሚለማው በዚሁ ወንዝ ነው። የአካባቢው ነዋሪ ጉድጓድ ቆፍሮ ከወንዙ ለመላቀቅ ቢያስብ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ይይዛሉ። ጥርስን የሚያበልዘውና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎሮሲስ በወንጂ አካባቢ የታወቀ ሕመም የሆነውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የወንዝ ውኃ ለእነዚህ ከተሞች መሸሻ ነው። መሸሻው ሲበከል ወዴት ይኬዳል?

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀው ግድብ ኋላ የተጠራቀመ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች አንዱ የሞጆ ወንዝ ሲሆን፣ ሞጆ ደግሞ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። በዚህ ጽሑፋችን ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ምን እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚጣራና መንግሥት ብክለቱን ለመቀነስ የዘረጋው ሥርዓት ምን እንደሚመስል እንመለከታለን።

ቆዳ እንዴት ይለፋል?

ጥሬ ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ እንዲሁ ቢተው ይበሰብሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ተዘፍዝፎ ጠጉሩ ይራገፋል። ቀጥሎ በአሲድ ይታከምና የክሮሚየም ሰልፌት ጨው በተጨመረበት ትልቅ በርሜል ውስጥ ይሽከረከራል። የክሮሚየም አዮኖች በኮላጅን ጭረቶች መካከል እንደ ድልድይ ገብተው ያስተሳስሯቸዋል፤ ቆዳውም ሙቀትንና መበስበስን የሚቋቋም ይሆናል። ችግሩ ክሮሚየሙ ሁሉ በቆዳው ላይ አለመቅረቱ ነው። በተለመደው አሠራር ከገባው ክሮሚየም ሲሶ ያህሉ ከፍሳሹ ጋር ተመልሶ ይወጣል።

ሁለቱ ክሮሚየሞች

በማልፊያው ጨው ውስጥ ያለው ክሮሚየም የኦክሲዴሽን ቁጥሩ +3 ነው። ይህ ዓይነቱ የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ ስለማያልፍ መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው። የኦክሲዴሽን ቁጥሩ +6 የሆነው ግን ክሮሜት በተባለው አዮን መልክ ሲገኝ ቅርጹ ሰልፌትን ስለሚመስል፣ ሰልፌት በሚገባበት በር ወደ ሕዋስ ይገባል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ዓይነቱን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ታዲያ ፋብሪካው የሚጠቀመው +3ን ከሆነ ምን ያሰጋል? አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጥ መቻሉ ነው። በክሮሚየም የለፋ የቆዳ ቁርጥራጭ አየር ባለበት ሲቃጠል፣ እንዲሁም ክሮሚየሙ በአፈር ውስጥ ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ፣ ከፊሉ ወደ +6 ሊለወጥ ይችላል።

ማቅጠን መፍትሔ ነውን?

“ወንዙ ያጥበዋል” የሚለውን አስተሳሰብ በቀላል ስሌት እንፈትነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክሮሚየም በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ኪሎ ግራም ክሮሚየም 1,000,000 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ለ0.05 ስናካፍለው 20,000,000 ሊትር፣ ማለትም 20,000 ሜትር ኩብ እናገኛለን። አንዲት ኪሎ ወደዚህ ደረጃ ለማቅጠን ይህን ያህል ንጹሕ ውኃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ማቅጠኛውም አብሮ ይጎድላል። ከዚህም በላይ ክሮሚየም ንጥረ ነገር እንደመሆኑ በባክቴሪያ ተበልቶ አያልቅም፤ ውኃው በሚረጋበት ሥፍራ ከደለሉ ጋር ይጠራቀማል።

መለየት ከማጣራት ይቀድማል

የኖራውና የሰልፋይዱ ፍሳሽ ቤዝ ሲሆን፣ የክሮሚየሙ ፍሳሽ አሲድ ነው። ሁለቱ ሳይጣሩ በአንድ ቦይ ከተገናኙና አሲዱ ካየለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ በትንሹ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን አደንዝዞ ይገድላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ሁለቱን በተለያየ ቦይ ማስወጣት ነው።

የሰልፋይዱ ፍሳሽ የማንጋኒዝ ጨው እንደ ካታሊስት ተጨምሮበት አየር ሲነፋበት ሰልፋይዱ ኦክሲዳይዝ ይሆናል። በክሮሚየሙ ፍሳሽ ላይ ደግሞ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ወይም ሌላ ቤዝ እየተጨመረ ፒኤቹ ከ8 እስከ 9 ሲደርስ፣ ክሮሚየም ሃይድሮክሳይድ ይዘቅጣል። ዝቃጩ ተለይቶ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ እንደገና የማልፊያ ጨው ይሆናል። በዚህ መንገድ ወንዙን ሊበክል የነበረው ነገር ለፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። የማጣሪያ ወጪ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ ከባድ በመሆኑ፣ በሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችን በአንድ ሥፍራ አሰባስቦ የጋራ ማጣሪያ የመገንባት ዕቅድ ወጥቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች በካይ ነገሮችን ከደረጃው በላይ እንዳያመነጩና የራሳቸውን ፍሳሽ እየተከታተሉ እንዲመዘግቡ ያዛል።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎች ልታውቁት የሚገባው የአዋጁን አንቀጽ 11 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው ጉዳቱ የግሉ መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። መብቱ ግን በተግባር ሲፈተን ቀላል አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2006 አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት አልተገታም በማለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክሱን አልተቀበለውም።

ሕግ የሚሠራው ልኬት ሲኖረው ነው። ከፍሳሽ ማስወጫ በላይና በታች፣ በክረምትና በበጋ፣ በተመሳሳይ ዘዴ የተወሰደ የውኃ ናሙና ብክለቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይረዳል። “ወንዙ ሸተተ” የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይስተባበላል፤ ቀኑ፣ ቦታውና መጠኑ የተመዘገበበት ግን መልስ ይጠይቃል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምትማሩ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የተማራችሁት ልኬት ለእነዚህ ወንዞች ጥበቃ የሚውልበት መንገድ ይህ ነው።