ዓሣን ወደ ሰፊ ገንዳ ማዛወር፦ ሕያው ማጣሪያና ኦክስጅን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከፍታ

መግቢያ

በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ ከምርምሩ ጎን ለጎን የዓሣ ጫጩት ያራባል፤ ለኩሬና ለግድብም ያሰራጫል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ባደጉ ቁጥር ከጠባብ ገንዳ ወደ ሰፊው መዛወር ይኖርባቸዋል። የውኃው መብዛት ብቻውን ለዓሣው ዋስትና ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ነው። ሆኖም ከገንዳው ጋር አብረው የማይሰፉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ብዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ሊትር ውኃ ሊይዘው የሚችለው የኦክስጅን መጠን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዝውውር በሊትር ሳይሆን በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች መታቀድ እንዳለበት በአንድ የስሌት ምሳሌ ማሳየት ነው።

ሕያው ማጣሪያ

ዓሣ ከመኖው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወግዳል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በማጣሪያው፣ በጠጠሩና በገንዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው። ስለዚህ አሮጌውን ውኃ ብቻ ወደ አዲሱ ገንዳ መገልበጥ ባክቴሪያዎቹን ማዛወር አይደለም።

ለምሳሌ ጠቅላላ ክብደታቸው 10 ኪሎ ግራም የሆነ ቆሮሶዎች በቀን የክብደታቸውን 2 በመቶ፣ ማለትም 200 ግራም መኖ ይመገባሉ እንበል። መኖው 32 በመቶ ፕሮቲን ካለው በተለመደው የእርባታ ስሌት በቀን 6 ግራም ያህል የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል። ማጣሪያ በሌለው የ1,000 ሊትር ገንዳ ይህ በቀን 6 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በ3,000 ሊትር ገንዳ ደግሞ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል።

ከጠቅላላው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ የሆነው ያልተሞላው (ኤሌክትሪካዊ ሙል የሌለው) ክፍል ሲሆን፣ ድርሻው በፒኤችና በሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ ፒኤች 7 ላይ ከ1 በመቶ በታች፣ ፒኤች 8 ላይ 5.4 በመቶ ገደማ ነው። ፒኤች 8 በሆነ ውኃ ውስጥ ትንሹ ገንዳ በእርባታ ለጥንቃቄ ከሚወሰደው የ0.05 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን የሚደርሰው በ4 ሰዓት ገደማ ነው። ሰፊው ገንዳ ደግሞ በ11 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የውኃው ሦስት እጥፍ መሆን ያስገኘው የጥቂት ሰዓታት ጊዜ ብቻ ነው።

መፍትሔው የአሮጌውን ገንዳ ማጣሪያ ሳይደርቅና ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ሳይታጠብ ወደ አዲሱ ማዛወር፣ ወይም አዲሱን ማጣሪያ ዓሣው ባለበት አሮጌ ገንዳ ላይ አስቀድሞ ለሳምንታት ማሠራት ነው። ከባዶ የሚጀምር ማጣሪያ በሞቃት ውኃ እንኳ ለመብሰል ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ በደጋ ቅዝቃዜ ደግሞ ይዘገያል። ዝግጁነቱን መፈተን ይቻላል። በምሳሌው ሰፊ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት 23 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ ቢጨመር የአንድ ቀኑን ጭነት፣ ማለትም 2 ሚሊ ግራም በሊትር ናይትሮጅን ይተካል። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ ከተጠጉ ማጣሪያው ዓሣውን ሊሸከም ይችላል። ካልሆነ ግን ዝውውሩ ሊዘገይ ይገባል።

ከፍታና ኦክስጅን

ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። በእነዚህ ከፍታዎች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ወደ ውኃው የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል 8.3 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ2,200 ሜትር 6.3፣ በ2,700 ሜትር ደግሞ 5.9 ገደማ ብቻ ይይዛል። አየር መንፊያ ውኃውን ወደዚህ ጣሪያ ያደርሰዋል እንጂ ከጣሪያው በላይ አያሳልፈውም።

ባክቴሪያዎቹም የኦክስጅን ተጋሪዎች ናቸው። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.57 ግራም ኦክስጅን ይጠይቃል። በምሳሌው ገንዳ ዓሣው በሰዓት 2.5 ግራም፣ ባክቴሪያዎቹ ከ1 ግራም ጥቂት በለጥ ያለ ይወስዳሉ ቢባል፣ መብራት በጠፋ ጊዜ በ3,000 ሊትሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ለመውረድ በባሕር ጠለል ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በሰበታ ግን ይህ ጊዜ ከ3 ሰዓት በታች ነው። በውኃው ገጽ በኩል የሚገባው አየር ጊዜውን ጥቂት ሊያራዝመው ይችላል። የመጠባበቂያ ባትሪና የአየር መንፊያ አቅም መመረጥ ያለበት በዚህ አጭር ጊዜ ነው፤ ለቆላ የተዘጋጀ መመሪያ ሳይታረም ለደጋ አይበቃም።

ማሞቅም የራሱ ዋጋ አለው። ቆሮሶ ከ16 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች እድገቱ ስለሚቆም የሱሉልታና የቡራዩ ብርዳማ ሌሊቶች ማሞቂያ ያስፈልጉታል። 3,000 ሊትር ውኃን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ ብቻ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠፋል። ውኃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ካርፕ ቅዝቃዜን የተሻለ ስለሚቋቋም የዝርያ ምርጫም የዝውውር ዕቅድ አካል ነው።

ጉዞና ርክክብ

ዓሣው በኦክስጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ሲጓዝ የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ዝቅ ስለሚያደርግ፣ የተጠራቀመው አሞኒያ በአብዛኛው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ይቆያል። ከረጢቱ ተከፍቶ አየር ሲነፋበት ግን ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ያው አሞኒያ በደቂቃዎች ውስጥ መርዛማ ይሆናል። ስለዚህ ከረጅም ጉዞ በኋላ ከረጢቱ ሳይከፈት በገንዳው ውኃ ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ እንዲመጣጠን ማድረግ፣ ከዚያ ዓሣውን ሳይዘገዩ በመረብ ማዛወርና የከረጢቱን ውኃ መድፋት ይመረጣል። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከ1,636 ሜትር ከፍታ፣ ወደ 2,700 ሜትር የሚወጣ ከረጢት በውስጡ ያለው ጋዝ በ14 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ተወጥሮ መታሰር የለበትም።

የጨው ውኃ ንጽጽር

የኮራል አኳሪየምን ማዛወር የዚሁ መርሕ ጥብቅ ማሳያ ነው። በጨው ውኃ አኳሪየም የማጣሪያውን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ባክቴሪያ የሰፈረበት ሕያው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እርጥበቱ ሳይለየው ይዛወራል፤ አሮጌው አሸዋ ግን ሲታወክ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊለቅ ስለሚችል በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የጨው ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ከንጹሕ ውኃ ያነሰ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ በባሕር ጠለል 6.8፣ በሰበታ ከፍታ ደግሞ 5.1 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ይይዛል። የአፋር ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ በመሆኑ የባሕርን ውኃ አይተካም። ኮራል አጽሙን የሚገነባበት ካልሲየም በባሕር ውኃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል፣ ማግኒዚየም ደግሞ ከ1,200 በላይ ይገኛል።

ማጠቃለያ

የገንዳ ስፋት ስሕተትን ለማረም ጊዜ ይሰጣል፤ ስሕተቱን ግን አያስቀርም። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ አርቢዎች ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ሊሟሉ ይገባል። ማጣሪያው የአንድ ቀኑን የአሞኒያ ጭነት በ24 ሰዓት ውስጥ መለወጡ በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። የኦክስጅን አቅርቦቱ በቦታው ከፍታ መሰላት አለበት። ከዝውውሩ በኋላም መኖው ተቀንሶ ጀምሮ አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ እየተለኩ ቀስ በቀስ መጨመር ይኖርበታል። እነዚህ ካልተሟሉ ዓሣው በጠባቡ ገንዳ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ይሻላል፤ መጣበብ እድገቱን ቢያዘገየውም ያልበሰለ ሰፊ ገንዳ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል።