ባዶ ወንበር፣ የተቀመጠ ጥላ

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ መብራት በጠፋበት ማታ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ግቢውን ሲያቋርጥ ግድግዳው ሁሉ ይነሣል። የማንጎው ቅርንጫፍ ክንድ ይሆናል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የቀረ ሸሚዝ ሰው ያክላል። ልጆች ይጮኻሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃሉ። ለትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ አስፈሪ ፎቶ ሥሩ ከተባላችሁ፣ የምትፈልጉት ነገር እዚያው ግድግዳ ላይ አለ።

እዚህ አንድ ፎቶ ብቻ እንሠራለን። ባዶ የእንጨት ወንበር አለ፤ ከኋላው በጭቃ ግድግዳ ላይ የወንበሩ ጥላ ወድቋል። በጥላው ላይ ግን አንድ አካል ተቀምጧል። በኮምፒውተር የሚቀጠል ነገር የለም። ሁለት ስልክ (አንዱ ለማንሻ፣ አንዱ ለመብራት)፣ ባዶ ካርቶን፣ ምላጭ፣ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት፣ ጥቂት ብሎኬትና አንድ ወንበር ይበቃችኋል።

1. የማታሳዩትን አስቀድማችሁ ወስኑ

ይህን ደረጃ ዘልላችሁ ወደ ካሜራው አትሂዱ። ተማሪ አስፈሪ ፎቶ ሥራ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ቀይ ቀለም ነው፤ ፊት ላይ የተቀባ ድልህ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ጠመንጃ፣ መሬት ላይ የተዘረረ ጓደኛ። ጋምቤላ ላይ ይህን አታድርጉ። በታኅሣሥ 1996 በዚህችው ከተማ ብዙ ሰው ተገድሏል። በሚያዝያ 2008 በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች በአንድ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተው ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው ተወስደዋል። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅ ምናልባት አጠገባችሁ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። ደም የተቀባ ፊት ስታሳዩት ጎረቤታችሁ የሚያስታውሰው የቀበረውን ሰው ነው። ያ ደግሞ ቁስል መንካት ነው፤ ለማስፈራት የተሠራ ፎቶ ይህን የማድረግ መብት የለውም።

ስለዚህ ደም የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ሬሳ የለም። ሌላም ጨምሩበት፦ የማንንም ብሔረሰብ የሚጠቁም ነገር አይግባ። የግንባር ጠባሳ፣ ጨሌ፣ ጦር፣ የራስ ማሰሪያ፣ አንዱም አይታይ። የምትሠሩት ፍርሃት የከተማችሁን ሰው መልክ ከለበሰ፣ ከግድግዳው ወርዶ መንገድ ላይ ይሄዳል።

ይህ ሥራውን ያቀጭጨዋል ብላችሁ አትስጉ። እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመናዊው የፊልም ዳይሬክተር ሙርናው «ኖስፈራቱ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልሙ ደም መጣጩን ደረጃ ሲያስወጣው ለተመልካች ያሳየው ጥላውን ነው፤ የጎበጠ ጀርባና የረዘሙ ጣቶች፣ በነጭ ግድግዳ ላይ። መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ያየ ሰው አይረሳውም። ዓይን ያላገኘውን ልብ ይሞላዋል።

2. ግድግዳ ምረጡ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ

ቆርቆሮ አይሆንም፤ ሽንሽኑ ጥላውን ይበጣጥሰዋል። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ከሁሉ ይሻላል፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው ስንጥቁና የገለባው ፍንጣቂ ቆዳ መስሎ ይወጣል። የክብ ጎጆ ግድግዳ ጥላውን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ቢገጥማችሁ ተጠቀሙበት።

የግቢውን እማወራ ወይም አባወራ ቀን ሄዳችሁ አነጋግሩ። ምን እንደምትሠሩ ካርቶኑን ይዛችሁ አሳዩአቸው። ማታ በሰው ግቢ የሚንቀሳቀስ መብራት ጎረቤት ያስደነግጣል፤ ለግራና ለቀኙም ንገሩ። ድልድይና የጥበቃ ቦታ አካባቢ ያለ ፈቃድ ካሜራ አታውጡ። ባሮ ወንዝ ዳርም ለዚህ ሥራ በምሽት አትውረዱ። በሚያዝያ 1958 አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጋምቤላ ላይ በባሮ ሲዋኝ አዞ ገድሎታል፤ አዞ ዛሬም ወንዙ ውስጥ አለ። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የወባ አገር ነው።

3. ሰዓቱን ያዙ

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትጠልቅባታለች፤ እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ገደማ። ዕቃውን ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርድሩ። ማንሳት የምትጀምሩት ከጠለቀች ከ25 ደቂቃ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከጀመራችሁ የሰማዩ ብርሃን የስልኩን ይውጠዋል፣ ጥላው አይወጣም። ከዘገያችሁ ደግሞ ወንበሩ ጨለማ ውስጥ ይሰምጣል። በእጃችሁ ያለው አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ለዚህ ነው ልምምዱ ቀደም ባለው ማታ መደረግ ያለበት።

በክረምት አንድ ችግር አለ። ነፍሳት መብራቱ ላይ ይሰፍሩና በፎቶው ላይ ነጫጭ ጭረት ሆነው ይቀራሉ። በየሙከራው መሃል መብራቱን አጥፉት፤ በርቶ በቆየ ቁጥር ይበዛሉ።

4. ጥላውን ቅረጹ

መጀመሪያ ሰው ለማስቀመጥ ታስቡ ይሆናል። አይሠራም። ሰውየው መብራቱን ስለሚከልል ወንበሩም አብሮ ይጨልማል። የሚሠራው ካርቶን ነው፤ ከወገብ በታች የሌለው፣ ራስና ትከሻ ብቻ።

ራሱን በቁመት 15 ሳንቲሜትር፣ ትከሻውን በስፋት 25 አድርጋችሁ ሳሉና በምላጭ ቁረጡ። አንገቱን 10 ሳንቲሜትር ስጡት፤ ከሰው አንገት ትንሽ ይረዝማል። ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት። ዓይን፣ ቀንድ፣ ጥፍር አትጨምሩ። ተመልካቹ «ሰው ነው» ብሎ ከጀመረ በኋላ «ግን…» እንዲል ነው የምንፈልገው፤ ቀንድ ካየበት ያ «ግን» ይቀራል።

አሁን ቦታ አስይዙ። ወንበሩ ከግድግዳው 40 ሳንቲሜትር ይራቅ። የሚያነሳው ስልክ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ፣ ቁም ሆኖ፣ ወንበሩን ፊት ለፊት ይየው። ሁለተኛውን ስልክ ከማንሻው በስተ ግራ 3 ሜትር ላይ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ብሎኬት ላይ አቁሙና መብራቱን ወደ ወንበሩ አዙሩ። የስልክ መብራት ትንሽ ነጥብ ስለሆነ የጥላው ጠርዝ ይሰላል፤ ትልቅ መስታወት ያለው የእጅ ባትሪ ያደበዝዘዋል።

የወንበሩ ጥላ ከወንበሩ በስተ ቀኝ ግድግዳው ላይ ይወድቃል። ካርቶኑን በቀጭኑ እንጨት ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ከመብራቱ ወደዚያ ጥላ በሚሄደው መስመር እኩሌታ ላይ ትከሉት። እዚያ ቦታ ከፎቶው ፍሬም ውጪ ነው፣ ጥላውም እጥፍ ሆኖ ያርፋል፤ 15 የነበረው ራስ 30 ይሆናል። የካርቶኑ የታች ጫፍ ከመሬት 70 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ትከሻው ልክ ከወንበሩ መደገፊያ ጥላ ላይ ይነሣል። ወንበሩ ከለመድነው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ እያያችሁ አስተካክሉ። ካርቶኑን ወደ መብራቱ ስታስጠጉ ጥላው ይገዝፋል ግን ይፈዛል፤ ወደ ግድግዳው ስትወስዱት ያንሳል፣ ይጠራል።

ካርቶኑን የተሸከመው እንጨትም ጥላ አለው። ያ ቀጭን መስመር ከወንበሩ መደገፊያ አንዱ ቋሚ ጋር እስኪገጥምና ውስጡ እስኪጠፋ ድረስ እንጨቱን በጣት ስፋት ግራና ቀኝ ውሰዱ። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጨርሰው ይህ ነው። የዘለለው ቡድን ፎቶው ላይ አሻንጉሊት በዱላ ይታይበታል።

5. አንሱ

«ናይት ሞድ»ን አጥፉት፤ ጨለማውን እየገፈፈ ያበራባችኋል። ስልካችሁ «ፕሮ» የሚል ምርጫ ከሌለው «ኦፕን ካሜራ» የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ፤ ስልኩ ከፈቀደ የሚከተሉትን በእጅ እንድታስተካክሉ ያስችላችኋል። አይ.ኤስ.ኦ 400፣ ሹተሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሰከንድ። ትኩረቱን ወንበሩ ላይ ጣታችሁን አቆይታችሁ ቆልፉት። ስልኩን በብሎኬት መሃል አስደግፉ፤ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ፣ ጣት ካነቃነቀው ሁሉም ይደበዝዛል። ቢያንስ 20 ጊዜ አንሱ፤ በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

6. ጥቂት ብቻ አርሙ

«ስናፕሲድ» ላይ ጠርዞቹን ትንሽ አጨልሙ፣ ደማቁን ቦታ ቀንሱ፣ በቃ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ ጭስ፣ ቀይ ዓይን የሚለጥፉ ማጣሪያዎችን አትንኩ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ሲጨመቅ የጭቃው ስንጥቅ ይጠፋል።

7. ያላወቀ ሰው ይየው

ከማስረከባችሁ በፊት ለግቢው ባለቤት፣ ቀጥሎም ሥራውን ላላየ አንድ ሰው ለአምስት ሰከንድ አሳዩና ስልኩን ገልብጡት። «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወንበር» ካለ ጥላው ፈዟል፤ ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱ። «የተቀመጠ ሰው» ካለ ወንበሩ ጠፍቷል፤ በሚቀጥለው ማታ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ አንሱ። «ቆይ፣ እንደገና አሳየኝ» ካለ፣ አስረክቡት።