አካል ጉዳተኛ አገር ጎብኚን ስለ ማስተናገድ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የዱር አራዊትን ለማየት የወጣ ጎብኚ ከጠዋት እስከ ማታ የሚበዛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በመኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላን፣ በባሌ የሳነቴ አምባም ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚሄድ ሰው፣ እግሩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ ከመኪናው የሚወርደው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ መራመድ ለማይችል ሰው ከጉዞ ሁሉ ይልቅ የሚስማማው ይህ ሊሆን በተገባው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለውን እንግዳ ከአገራችን የሚያስቀረው ዱሩ ሳይሆን የምግብ ቤቱ ደረጃና የመጸዳጃ ቤቱ በር ነው። እነዚህም በነጋዴው እጅ ያሉ ነገሮች ስለ ሆኑ ጉዳዩ የንግድ ጉዳይ ነው።

የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ነጋዴዎች ይህ ነገር ሩቅ መስሎ ሊታያቸው አይገባም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ከአዲስ አበባ በሚወጡት ታላላቅ ጎዳናዎች ደጃፍ የቆሙ ናቸው። በአምቦ መንገድ የሚሄድ ጎብኚ በቡራዩ አጠገብ የገፈርሳን ግድብ ያገኛል፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም በመነጽር ሊመለከት ይችላል። በሱሉልታ አልፎ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወርደውም፣ የመንገዱ ጸጥታ ሲፈቅድ፣ ጭላዳ ዝንጀሮን በገደሉ አፋፍ ያያል። በሰበታ በኩል፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ ግን ሸካራ ስለ ሆነ በክረምት ለዚህ ዓይነቱ እንግዳ ባይታሰብ ይሻላል። በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ ቁርስ፣ ምሳና መጸዳጃ ቤት የሚፈለገው በእኛ ከተሞች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው አስታውቋል። ሁሉም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አይደሉም። ለነጋዴው ከዚህ ቁጥር ይልቅ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም አንድ ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ ማረፊያውን የሚወስነው ደረጃ መውጣት የማይችለው አባል መሆኑ ነው። አምስት ሰዎች ቢሆኑና አንዷ አያት በሩን ማለፍ ካልቻለች፣ የአምስቱም ምሳ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ከባሕር ማዶ መጥተው ያረጁ ወላጆቻቸውን ለማዝናናት የሚወጡት ወገኖቻችንም በዚሁ ሒሳብ የሚቆጠሩ ናቸው።

አካል ጉዳተኛ መንገደኛ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ከጉዞ አልተለየም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ፤ በሙኒክ ኦሎምፒክም በክብር እንግድነት ተገኘ። ከቡራዩ አልፎ በመናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከልም ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ሲያገለግል የቆየ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ተሽከርካሪ ወንበር፣ በተለምዶ ዊልቸር የሚባለው፣ ወርዱ ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የበሩ ክፍተት ከ80 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ 90 ቢሆን ይመረጣል። ልኬቱ በሩ ተከፍቶ ሳለ ከበሩ ገጽ እስከ ማዶው መቃን ይወሰድ እንጂ ከመቃን እስከ መቃን አይደለም፤ ብዙዎች በዚህ ይሳሳታሉ። ደረጃ ባለበት ስፍራ ግንበኞች ራምፕ የሚሉት ተዳፋት መወጣጫ ይሠራል። ደንቡም ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። እንዲህ ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነች አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80፣ ለሦስት እንዲህ ላሉ ደረጃዎች ደግሞ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። ቦታ ጠበበኝ ብሎ አቀበት የመሰለ መወጣጫ የሚያስገነባ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል፤ እንግዳው ወደ ኋላ ሊገለበጥበት ይችላልና። በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ዊልቸሩ የሚዞርበት 1 ሜትር ከ50 ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ይተዋል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ በመቀመጫው አጠገብም ሰው ተደግፎ የሚነሣበት ብረት ከግድግዳው ጋር ይጠበቅ። ለዚህ ደህና ብየዳ የሚያውቅ ሠራተኛና ጠንካራ ቧንቧ ይበቃሉ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዟል። ነገር ግን አዋጁን ለመፈጸም ብቻ ተሠርቶ፣ በላዩ የለስላሳ ሣጥን የሚደረደርበት መወጣጫ ለማንም አይጠቅምም።

ቤቱን ያላዘጋጀ ነጋዴም ቢሆን እውነቱን በመናገር ደንበኛ ሊያተርፍ ይችላል። አስጎብኚ ድርጅት ሲጠይቅ «ይመቻል» ብሎ ከመመለስ፣ «አንድ ደረጃ አለ፣ በሩ 75 ሳንቲ ሜትር ነው» ብሎ ከሜትር ጋር የተነሣ ፎቶግራፍ መላክ ይበልጣል። እንግዳው የሚችለውንና የማይችለውን ያውቃል። በኬንያ ዊልቸርን በማንሻ የሚያስገቡ መኪናዎች፣ በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክም ለዚሁ የተዘጋጁ ማደሪያዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር የምንወዳደረው በልኬት እንጂ በተስፋ ቃል አይደለም።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ የአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበሮች በአንቀጽ 87.13፣ መለዋወጫዎቻቸው በ87.14 ይመደባሉ። ዕቃ ሲታዘዝ ከወንበሩ ጋር ከመነዳሪ፣ የፊት ጎማና ኩሽኔታ አብሮ መታዘዝ ይኖርበታል፤ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች በኮብልስቶን ላይ ቶሎ ያልቃሉና። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራው ዓይነት ለቡራዩ መንገድ አይሆንም፤ ሰፊ የፊት ጎማ ያለው ይመረጥ።

በመጨረሻ ስለ አስተናጋጆች ጥቂት ቃል። ትእዛዝ የሚጠየቀው ራሱ እንግዳው እንጂ አጃቢው አይደለም። ዊልቸሩን ሳያስፈቅዱ መግፋት ነውር ነው። ከመኪና ሲወርድም በዋናው ብረት እንጂ በክንድ ወይም በእግር ማሳረፊያው አይነሣም፤ እነዚህ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ተነቃይ ስለ ሆኑ በተሸካሚው እጅ ሊቀሩ ይችላሉ።